ባለ 28 ጥርስ ሰሚያስ ተሰበረብኝ፤ የፋብሪካውን ዲፈረንሻል ላጠንክረው ወይስ ልጣለው?

ቀይ_ፎክስ (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ሁሌ አንብቤ ብቻ ነበር የምወጣው። ዛሬ ግን ቸገረኝ።

መኪናዬ የ1990 ፎርድ ማስታንግ ነው፤ ባለ 5.0 ሊትር ቪ8። ከፋብሪካ ሲወጣ 225 የፈረስ ጉልበት ነበረው። አምና ቱርቦ ገጠምኩለት። አሁን ጎማው ላይ ሲለካ 430 ይላል። ካምቢዮውን ወደ ትሬሜክ ቀይሬዋለሁ፤ ፍሪሲዮኑም አዲስ ነው። ከካምቢዮው ወዲያ ያለው ግን የፋብሪካ ነው፦ 8.8 ኢንች ዲፈረንሻል፣ ባለ 28 ጥርስ ሰሚያስ (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ)፣ ከኋላ ታምቡሮ ፍሬን። ኮሮናና ፒኞኑን (የዲፈረንሻሉን ትልቁንና ትንሹን ማርሽ) ብቻ 3.73 ብዜት ባለው ቀይሬያለሁ።

ቅዳሜ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለ አንድ የድራግ (የሩብ ማይል የቀጥታ ሩጫ) ሜዳ ወሰድኩት። ለዚሁ ብዬ የድራግ ጎማ አስሬ ነበር። ሁለቱ ሩጫ በሰላም አለቀ። በሦስተኛው 4,500 ዙር ላይ ይዤ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት። የኋላው ሁለት ሦስቴ ነጠረ፤ ከዚያ ቋ! አለ። ወርጄ ሳየው የግራው ጎማ ከነታምቡሮው አራት ጣት ያህል ወደ ውጭ ወጥቶ ፓራፋንጎው ላይ ተደግፏል። እግሬ ተንቀጠቀጠ። ይሄ ሀይዌይ ላይ ቢሆንስ?

ጓደኞቼ ሁሉ «ጥለኸው ናይን ኢንች ግባ» ይሉኛል፤ የፎርድን ባለ 9 ኢንች ዲፈረንሻል ማለታቸው ነው። ዋጋውን ሳየው ሆዴ ባባ። የፋብሪካውን አጠንክሮ 500 የፈረስ ጉልበት ማሸከም ይቻላል? ከየት ልጀምር?

አራዳው

ፓራፋንጎው ባይኖር ጎማህ ዲሲ ደርሶ ነበር። ተመስገን በል።

ዳላሱ

እንኳን ለአንተ ተረፍክ ወንድሜ። መኪና ይጠገናል።

እንዳትጥለው። 8.8 መጥፎ ዲፈረንሻል አይደለም። ፎርድ ከ1986 ጀምሮ ቪ8 ማስታንግ ላይ ያስገባው ያው ነው። ከሱ በፊት የነበረው 7.5 ኢንች ቢሆን ኖሮ እኔም ጣለው እልህ ነበር። ናይን ኢንች ጠንካራ ነው፤ አልክድም። ከ1957 እስከ 1986 ነው የተሠራው፤ ፒኞኑን ከፊትም ከኋላም የሚይዝ ተጨማሪ ኩሽኔታ አለው። ግን ፒኞኑ ከኮሮናው መሀል በጣም ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ጥርስ ለጥርስ ብዙ ይፋተጋል። ጉልበት ይበላል፤ ይከብዳልም። ለ500 የፈረስ ጉልበት ብሎ ያን ሁሉ ብር ማፍሰስ ምን ያደርግልሃል?

የኔ መኪና በተጠናከረ 8.8 ሩብ ማይሉን ከ11 ሰከንድ በታች ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። የተሠራው ባለ 31 ጥርስ ሰሚያስ፣ የቱቦ (ሰሚያሱ የሚያልፍበት) ብየዳ፣ የጎማ መያዣ፣ ወፍራም የኋላ ክዳን። በቃ።

ጋሽ_ፒኞን (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ።

ከዕቃ ግዢው በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። የተሰበረውን ሰሚያስ አልጣልከውም አይደል? የት ላይ ነው የተበጠሰው? ጥርሱ ጋ ነው፣ መሀሉ ላይ ነው፣ ወይስ ጎማው አጠገብ? የተሰበረው ፊቱስ ምን ይመስላል? በጨርቅ ጥረግና በደንብ አይተህ ጻፍልኝ። የተሰበረ ብረት ምስክር ነው፤ ሳይጠየቅ አይጣልም።

ቀይ_ፎክስ

ጋሼ አመሰግናለሁ። ጋራዡ ውስጥ አለ፤ አሁን አየሁት።

የተበጠሰው ጎማው አጠገብ ነው፤ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ላይ። ፊቱ ሁለት ዓይነት ነው። ከዳር የጀመረ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ክፍል አለ፤ ጠቁሯል፣ ለስለስ ያለ ነው፣ ስስ ስስ መስመሮች አሉት። የቀረው ሸካራ ነው፤ ልክ እንደተሰበረ ስኳር ያብለጨልጫል። ሌላው ደግሞ ኩሽኔታው የሚሽከረከርበት ቦታ ዙሪያውን ተቦርቡሯል። ጥፍሬ ይገባበታል።

ጋሽ_ፒኞን (አዲስ አበባ)

አየህ! እንግዲህ ይሄ ሰሚያስ ቅዳሜ አልተሰበረም። ቅዳሜ የተሰበረው የቀረው ግማሹ ነው።

ያ የጠቆረው ጨረቃ የቆየ ስንጥቅ ነው። ዘይትና አየር ገብቶበት ነው የጠቆረው። መስመሮቹ ስንጥቁ ቆም እያለ ሲሄድ የተዋቸው ናቸው፤ የሐይቅ ዳር ውሃው ሲሸሽ መስመር እንደሚተወው። የሚያብለጨልጨው ብቻ ነው ትኩሱ። ስለዚህ አንተ የሮጥከው በግማሽ ሰሚያስ ነው።

ምክንያቱን ልንገርህ። አይሱዙ ላይ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። እህል ከልኩ በላይ ጭኖ የመጣ ሰሚያስ ስንቱን አውጥቻለሁ። የከባድ መኪና ሰሚያስ ግን የሚጠመዘዝ ብቻ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ቱቦው ላይ ያለው ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) ነው። ቢሰበርም ጎማው አይወጣም፤ ስባሪውን ነቅለህ ሌላ ትከታለህ። የማስታንግህ ዓይነት የቤት መኪና ሰሚያስ እንዲህ አይደለም። ያሽከረክራልም፣ ክብደት ይሸከማልም። ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ብረቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ይታጠፋል። በሺህ ኪሎ ሜትር አስበው። ያንተ ላይ ደግሞ ኩሽኔታው የራሱ የውስጥ ቀለበት የለውም፤ ሰሚያሱ ራሱ ላይ ነው የሚሽከረከረው። ኩሽኔታው ሲበላሽ ሰሚያሱን ይቦረቡራል። የተቦረቦረ ብረት ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያው ነው።

የቀኙንም አውጥተህ ተመልከት። ካልተሳሳትኩ እሱም ተቦርቡሯል።

ቀይ_ፎክስ

ጋሼ፣ እርስዎ ጠንቋይ ነዎት እንዴ? የቀኙም ተቦርቡሯል። ገና አልተሰነጠቀም መሰለኝ፤ ግን ጥፍር ይይዛል።

አራዳው

እኔ የተሰበረ ነገር ሳይ የማየው ዋጋውን ብቻ ነው 😂

እቴጌ_ቶርክ (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

ጋሼ ያሉትን በቁጥር ልደግፈው። ሥራዬ ከብረት ጥንካሬ ጋር ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሁሉም ሰው «ስንት የፈረስ ጉልበት ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል። ሰሚያስ የፈረስ ጉልበት አያውቅም። የሚያውቀው ጥምዘዛን ነው። ቀይ_ፎክስ፣ ሞተርህ 450 ፓውንድ-ፉት ጥምዘዛ ይሰጣል እንበል። ያንተ ትሬሜክ አንደኛ ማርሹ 2.87 ከሆነ፣ በ3.73 ሲባዛ 4,800 ገደማ ይመጣል። ለሁለቱ ሰሚያስ ነው።

ግን ይሄ ሁሉ ሰሚያሱ ጋ የሚደርሰው ጎማው መሬት ከያዘ ብቻ ነው። ስትነሳ የኋላ ጎማዎችህ 2,000 ፓውንድ ተሸክመዋል እንበል። የመንገድ ጎማ ከተሸከመው ክብደት ብዙም የማይበልጥ ኃይል ነው መሬት ላይ መግፋት የሚችለው። 26 ኢንች ከፍታ ያለው ጎማ ከመሀል እስከ መሬት 13 ኢንች ነው። ስለዚህ ከ2,100 ወይም 2,200 ፓውንድ-ፉት በኋላ ይንሸራተታል። ከሞተሩ ግማሽ አይሞላም! የመንገድ ጎማ ፊውዝ ነው ማለት ነው። አንተ የድራግ ጎማ ስታስር ፊውዙን አውጥተህ ሽቦ ከተትክበት። ሙጫ የተቀባ መነሻ ላይ ደግሞ ጎማው በጣም ይይዛል።

ከዚያ በላይ የከፋው መንጠሩ ነው። ጎማው ሲይዝ፣ ሲለቅ፣ እንደገና ሲይዝ፣ ሰሚያሱ በመዶሻ እንደተመታ ነው። በዚያች ቅጽበት የሚሽከረከረው የሞተሩ ዙሪያ ክብደት ሁሉ ይወርድበታል። ሒሳቡ ከሚለው በላይ ይሄዳል።

ስለ 31 ጥርስ ደግሞ፦ የዘንግ የጥምዘዛ ጥንካሬ የሚያድገው ውፍረት × ውፍረት × ውፍረት በሚሰጠው ልክ ነው። ባለ 28 ጥርሱ ጥርሱ ጋ 1.2 ኢንች ገደማ ነው፤ ባለ 31ዱ 1.32 ገደማ። 10 በመቶ ብቻ ነው የወፈረው፤ ጥንካሬው ግን በሲሶ ይጨምራል። ብረቱ የተሻለ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ።

ሻርጃ_ፓትሮል

እህቴ ስለ መንጠሩ ያልሽው ልክ ነው። እኛ እዚህ በረሃ ላይ እናየዋለን። የኒሳን ፓትሮል ልጆች ትልቅ ቱርቦ ጭነው የአሸዋ ተራራ ይወጣሉ። አሸዋው ጎማውን ስለሚያንሸራትት ሲወጡ ብዙም አይሰበርም። የሚሰበረው ጫፍ ላይ ዘለው ጎማው አየር ላይ እያሽከረከረ ሲያርፉ ነው። ነዳጅ እግራቸው ስር ሆኖ መሬት ሲነካ፣ ያኔ ነው። የኔ ጓደኛ አሁን ዘሎ ከመድረሱ በፊት እግሩን ያነሳል። ነጻ ማጠናከሪያ ነው፤ አንድ ድርሃም አልከፈለም።

ዳላሱ

ይሄ ክር ደስ እያለኝ ነው። እንግዲህ መንጠሩን ከማቆም እንጀምር። እንዳንተ ባለው ፎክስ ማስታንግ ላይ መንጠር የሚመጣው ከብራቾዎቹ (ዲፈረንሻሉን ከአካሉ ጋር ከሚያያይዙት ክንዶች) ነው። የፋብሪካው ብራቾ ከቆርቆሮ የታጠፈ ነው፤ ጎሚኒው ለስላሳ ነው። ዲፈረንሻሉ ወደ ላይ ይጠመዘዛል፣ ጎሚኒው ይገፋል፣ ይመልሳል፣ ነጠረ። የታችኞቹን ብራቾዎች በሳጥን ቅርጽ በተሠራ ቀይር። የላይኞቹን ግን አታክርር። መኪናው ሲታጠፍ የሚያጎነብሰው በነሱ ጎሚኒ ነው። ብራቾዎቹ አካሉ ላይ የሚታሰሩበትንም ቆርቆሮ ተንበርክከህ እይ። ቀለሙ ከተሰነጠቀ ቆርቆሮውም ተሰንጥቋል።

አሁን ወደ ዕቃው። ሰው የሚረሳውን ልንገርህ። ባለ 31 ጥርስ ሰሚያስ ገዝተህ አሁን ያለህ ዲፈረንሻል ውስጥ አይገባም። ውስጡ ያሉት ማርሾች ባለ 28 ናቸው። ዲፈረንሻሉም 31 መሆን አለበት። ርካሹ መንገድ ከተሰባበረ ፎርድ ኤክስፕሎረር ማውጣት ነው። እስከ 2001 ድረስ ባለው ኤክስፕሎረር 8.8 ውስጥ ያለው ባለ 31 ነው፤ ያው ባለ ፍሪሲዮን ዲስክ ትራክሽን ሎክ (ሁለቱንም ጎማ አብሮ የሚገፋ)። አንተ ዲፈረንሻል ቤት ውስጥ ይገባል። ዲስኮቹን አዲስ አድርግበት፤ ለሱ የሚሆነውን የዘይት ተጨማሪ አትርሳ፤ ካልሆነ ኩርባ ላይ ያቃስትብሃል።

ደሴ_ጋራዥ

ይቅርታ፣ ከሆነማ ለምን ሙሉ የኤክስፕሎረሩን አክስል አያስገባም? ዲስክ ፍሬንም አለው፣ ቱቦውም ይወፍራል ይባላል።

ዳላሱ

ቱቦው ይወፍራል፤ 3.25 ኢንች ነው። ከ1995 ወዲህ ያለው ዲስክ ፍሬንም አለው። ግን ኤክስፕሎረር ባሌስትራ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ማስታንግ ሞላና ብራቾ ነው። መያዣውን ሁሉ ቆርጠህ አዲስ መበየድ አለብህ። ፒኞኑም መሀል ላይ አይደለም፤ ወደ ተሳፋሪው ጎን ሄዷል። ለጂፕ ያምራል። ለፎክስ ልፋት ነው።

ጋሽ_ፒኞን (አዲስ አበባ)

ዳላሱ፣ ቱቦውን በይደው ነው ያልከው? የዲፈረንሻሉ መሀል ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው። ቱቦው ብረት። ጊዛ ላይ የሚበይድ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ሲበርድ ጭጭ ብሎ ይሰነጠቃል። እኔ አልወደውም።

ዳላሱ

ጋሼ እውነትዎን ነው፤ እኔ ራሴ አበላሽቼ ነው የተማርኩት። ግን ካልተበየደ ሌላ ችግር አለ። የ8.8 ቱቦ ተጨምቆ ነው የገባው፤ በትንንሽ ቀዳዳ ብየዳ ብቻ ነው የተያዘው። ጎማው በያዘ ቁጥር ቱቦው ጊዛው ውስጥ ሊዞር ይችላል። አንዴ ከዞረ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው አይቆሙም።

የመጀመሪያዬን ስበይድ ጉልበቴን አሳየሁ። አንዱን ጎን ዙሪያውን በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። በማግስቱ ሰሚያሱ በግድ ነው የገባው፤ ቱቦው ታጥፏል። በሳምንቱ ዘይት ማንጠብጠብ ጀመረ። በሁለተኛው ብልህ ሆንኩ። ዲፈረንሻሉን፣ ኩሽኔታውን፣ ጎሚኒውን ሁሉ አወጣሁ፤ የኩሽኔታ ቆቦቹን ግን ግራና ቀኙን ምልክት አድርጌ በቦታቸው አሰርኳቸው። ጊዛውን 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪደርስ አሞቅኩት። ኒኬል ባለው ዘንግ አንድ ኢንች ብቻ፣ ከዚያ ተቃራኒው ጎን አንድ ኢንች፣ ከዚያ ሌላኛው ቱቦ። በየመሀሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ዘንግ አስገብቼ እለካለሁ። ሲያልቅ እሳት በማይበላው ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሌሊቱን አሳደርኩት። አልተሰነጠቀም።

ጋሽ_ፒኞን (አዲስ አበባ)

አሙቀህ ካሳደርከው ልክ ነው። ብርድ ልብሱን ያልነገርከኝ ጊዜ ነው የፈራሁት።

አሁን ግን ቅደም ተከተሉን ላስቀምጥ፤ ልጁ ገንዘቡ ውስን ነው። መጀመሪያ ጎማው እንዳይወጣ ይደረግ። የ8.8 ሰሚያስ የሚያዘው ዲፈረንሻሉ ውስጥ ባለች ትንሽ የፈረስ ጫማ በምትመስል ቀለበት ነው። ሰሚያሱ ከቀለበቷ ወዲህ ከተበጠሰ ጎማው ነጻ ሰው ነው፤ አየኸው አይደል። ሌላው ሁሉ ለፍጥነት ነው። ይሄ ለነፍስ ነው።

እቴጌ_ቶርክ (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)

የአሜሪካው የድራግ ማኅበር፣ ኤንኤችአርኤ፣ በ10.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ለሚገባ እንዲህ ያለ መኪና ቀለበቷን የሚተካ መያዣ ግዴታ የሚያደርገው ለዚሁ ነው። ቀይ_ፎክስ ገና 11 ውስጥ ቢሆንም፣ አንዴ ያየ ሰው አይጠብቅም።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በብሎን የሚታሰር መያዣ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን መንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና ዘይት በማንጠብጠብ ስም አውጥቷል። ሁለተኛው የቱቦውን ጫፍ ቆርጦ የናይን ኢንች ዓይነት ትልቅ የኩሽኔታ ጫፍ መበየድ ነው። ኩሽኔታው ሰሚያሱ ላይ ተጨምቆ ይገባል፤ የራሱ ቀለበት አለው። ጋሼ የነገሩህ መቦርቦር ከዚያ በኋላ ታሪክ ይሆናል።

ቀይ_ፎክስ

ሁለተኛውን ወሰንኩ። ሰሚያሱን ዛሬ ልዘዝ?

ዳላሱ

ቆይ! ጫፎቹ ሳይበየዱ ሰሚያስ እንዳታዝ። በይድ፣ ለካ፣ ከዚያ እዘዝ። ሩብ ኢንች ስታጥር ቢመለሱልህ ጥሩ፤ አይመልሱልህም።

ሌላ ደግሞ። ኮሮናና ፒኞኑን የሚያስተካክልልህን ሰው ምረጥ። እኔ አንድ ጋራዥ፣ ስሙን አልጠራም፣ በአንድ ሰዓት ተኩል አስረክቦኝ ነበር። በሳምንቱ 60 ማይል ላይ እንደ ንብ መጮህ ጀመረ። ከፍቼ ስለካው በኮሮናና በፒኞኑ መሀል ያለው ክፍተት አንድ ቦታ ላይ 0.006 ኢንች፣ ሌላ ቦታ ላይ 0.018። የሚፈለገው ከ0.008 እስከ 0.012 ነው። ቀለም ቀብቶ ጥርሱ የት እንደሚነካ ያላሳየህን ሰው አትክፈለው።

ደሴ_ጋራዥ

ያንን ተጨፍልቆ የሚቀረውን የፒኞን ቀለበት ትጠቀማላችሁ?

ዳላሱ

ለዚህ ጉልበት አልጠቀምም። ጠንካራ ቱቦና ስስ ስፔሶር። ለመለካት ልብ ያስጨርሳል፣ ግን በድንጋጤ አይጨፈለቅም። የፒኞኑ ኩሽኔታ አዲስ ከሆነ ፒኞኑን ለማዞር ከ16 እስከ 29 ኢንች-ፓውንድ እስኪጠይቅ ነው የምሠራው። የኋላ ክዳኑ ላይ የኩሽኔታ ቆቦቹን የሚደግፉ ሁለት ብሎኖች አሉ። ጠበቅ አታድርጋቸው፤ ነክተው ትንሽ ይያዙ። ክዳኑ ቆቡን መደገፍ እንጂ መግፋት የለበትም።

ቀይ_ፎክስ *(ከ11 ሳምንት በኋላ)*

ሰላም ቤተሰብ። ጠፋሁ፤ አልሞትኩም።

የኤክስፕሎረር ዲፈረንሻል ከመኪና መቃብር በእጄ አወጣሁ። ዝናብ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ጫፎቹን የበየደልኝ ሰው ሳያሞቅ ሊጀምር ሲል የዳላሱን ጽሑፍ አነበብኩለት። ሳቀ፣ ግን አሞቀ። ሰሚያሱ ከተለካ በኋላ ታዘዘ። ዲስክ ፍሬን ከ1994 በኋላ ካለው ማስታንግ አገኘሁ። የታችኞቹ ብራቾዎች ተቀየሩ። ማርሹን እንደተባልኩት 500 ማይል በእርጋታ ነዳሁትና ዘይቱን ደፋሁት፤ ማግኔቱ ላይ ቅባት የመሰለ ብናኝ ብቻ ነበር።

ጋሼ፣ በግል መልእክት ያዘዙኝን አደረግኩ። ሰሚያሶቹ ከመግባታቸው በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነጭ የቀለም መስመር ሳብኩባቸው። ባለፈው ቅዳሜ 14 ጊዜ ተነሳሁ፤ መንጠሩ ጠፍቷል። እሁድ ጠዋት በየጎኑ አራት ብሎን ፈትቼ ሳብኳቸው። መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነው። ካልተጠመዘዘ ደህና ነው ብለው ነበር፤ አልተጠመዘዘም።

ትንሽ ችግር፦ አሁን ፍሪሲዮኑ ሦስተኛ ላይ መንሸራተት ጀምሯል።

ጋሽ_ፒኞን (አዲስ አበባ)

ደግ ነው። መስመሩን በየሁለት ወሩ እያወጣህ እየው። ትንሽ ሐረግ መስሎ ከዞረ አትጠብቅ፣ ቀይረው።

ዳላሱ

ፍሪሲዮኑ ይንሸራተት፤ ተወው ለጊዜው። የቱርቦውን ግፊት ከጨመርክ ቀጥሎ የሚሄደው ያ የ5.0 ሞተር ብሎክ ነው። ከ500 በላይ ለሁለት መሰንጠቅ ልማዱ ነው።

አራዳው

ፓራፋንጎውስ?

ቀይ_ፎክስ

እንደጎበጠ ነው። ብር አልቋል።